የአባባ ጉልበት

ፈይዙላህ ጉልበታቸውን ያማቸው የጀመረው ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። ከዚያ በፊት፣ ሚስታቸው ኤፋት ካረፈች ወዲህ አራት ዓመት ያህል፣ ከቤት የሚያስወጣቸው ጉዳይ ዳቦ ቤትና መስጊድ ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን በባቡር ነጂነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ስትሞት ሞተሩ እንደጠፋ ባቡር ባሉበት ቆሙ። ጉልበታቸው ሲታመም ግን የመሐላት ፍል ውኃ ፍቱን ነው የሚል ወሬ ከየት እንደሰሙት ሳይታወቅ፣ በየሳምንቱ በማለዳ እየተነሱ፣ ከሚኖሩበት ከአራክ ከተማ በሚኒባስ እየተሳፈሩ መሐላት ይመላለሱ ጀመር። ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ፣ ወገባቸው ቀንቶ፣ እራት ከሌላው ቀን አስበልጠው ይበላሉ።

"ፍል ውኃው ተስማምቶዎታል አባባ" ትላቸዋለች ታባንዴ።

"ጉልበት እኮ ነው ልጄ፤ ካልተከታተሉት ይከዳል" ይሏታል።

ታባንዴ ሴት ልጃቸው ናት። አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አግብታ ፈትታለች፤ አልወለደችም። እናቷ ስትሞት ኢስፋሃን ውስጥ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራ ነበር። ለቀብር መጥታ ለአርባ ቀን ቆየች፤ ከአርባው ቀን በኋላ ደግሞ ለጊዜው ቆየች። ያ ጊዜ ሳያልቅ ቀረ። ኢስፋሃን ያለውን ሥራዋን ለቀቀች፤ ሰፈር ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት ግማሽ ቀን ተቀጠረች፤ የቀረውን ግማሽ ቀን ለአባቷ ምሳ፣ ለአባቷ ኪኒንና ለአባቷ ደም ግፊት ሰጠች። ማንም አላስገደዳትም። ለዚህም ነው በማንም ማሳበብ ያልቻለችው።

ኖሩዝ፣ የአገሩ አዲስ ዓመት፣ ካለፈ ሁለት ወር ሲሆነው፣ ጽጌረዳ ሁሉ አፉን በሚከፍትበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ እራት ላይ አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ነገ ሁላችንም መሐላት እንሄዳለን" አሉ። "የእናታችሁን ጽጌረዳ በረዶ መትቶታል፤ አይነሳም። ሌላ እንግዛ። እዚያ የማውቀው ችግኝ ጣቢያ አለ።"

"ሁላችንም ማለት?"

"ካምቢዝም፣ ሚስቱም፣ ልጅቷም።"

"አንድ ጽጌረዳ ለመግዛት አምስት ሰው?"

"አርብ ነው፤ የዕረፍት ቀን፤ ልጅቷ ነፋስ ትቀበል" አሉና ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ።

ካምቢዝ የታባንዴ ታላቅ ወንድም ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ሲጮህ ስለሚውል ቤቱም ውስጥ ያንኑ ድምፅ ነው የሚጠቀመው። ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ከሚስቱ ከሱዳቤና ከሰባት ዓመት ልጁ ከሃስቲ ጋር መጥቶ መኪናውን በር ላይ ሲያቆም አባቱን አየና ሳቁ አመለጠው። ፈይዙላህ ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ለካምቢዝ ሰርግ ያሰፉትን ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፤ ሽቶ ተቀብተዋል።

"አባባ፣ ችግኝ ልንገዛ ነው ወይስ ሽምግልና ልንሄድ ነው?"

ሱዳቤም ሳቀች፤ ታባንዴም ፈገግ አለች። ፈይዙላህ ብቻ አልሳቁም። ከፊት ወንበር ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩና "ንዳ፤ ፀሐይ ሳይበረታ" አሉ።

መንገዱ በራቁት ተራሮች መካከል ነው የሚያልፈው። ከኋላ ታባንዴና ሱዳቤ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈሉ፣ ሃስቲ በመካከላቸው እየተቁነጠነጠች ሄዱ። ሱዳቤ አስተማሪ ናት፤ ነገር ቶሎ ይገባታል፤ የገባትን ግን ወዲያው አትናገርም።

"ታቢ" አለቻት ቀስ ብላ፣ "ፍል ውኃ የሚገባ ሰው ሽቶ ይቀባል?"

"ዛሬ ፍል ውኃ አንገባም፤ ጽጌረዳ ነው የምንገዛው።"

"እሺ" አለች ሱዳቤና ፍሬዋን መፈልፈሏን ቀጠለች።

ችግኝ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ትንሽ ጅረት ዳር ነው። ረጃጅም የላስቲክ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ወዲያ በሜዳው ላይ በመስመር የተተከለ ጽጌረዳ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ቢጫው ለብቻ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቆሟል። ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ገባ። ካምቢዝ ሞተሩን ሲያጠፋ አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ እየሮጠ መጣ። ሃስቲ ጮኸች። ውሻው ግን ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ፈይዙላህ ሄዶ ራሱን ከሱፍ ሱሪያቸው ጋር ያሻሸው ጀመር።

"አያዬ! ውሻው ያውቅሃል!"

"ውሻ ሁሉንም ሰው ያውቃል" አሉ ፈይዙላህ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ።

"እኛን አላወቀንም እኮ።"

ፈይዙላህ ወደ ላስቲክ ቤቶቹ ቀድመው አመሩ።

ከአንደኛው የላስቲክ ቤት አንዲት ስድሳን የተሻገሩ ሴት ወጡ። ረጅም ናቸው፤ ሻሻቸውን ከማጅራታቸው በኩል አስረዋል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ አድርገዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በእሾህ የተጫጫረ ነው። ስማቸው ወይዘሮ ቱራን ይባላል፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጣቢያውን ብቻቸውን ነው የሚያስተዳድሩት። እንግዶቹን አንድ በአንድ ጨበጡ፤ ካምቢዝን ግን በባዕድ ወንድ ወግ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉት። ታባንዴ ዘንድ ሲደርሱ እጇን ትንሽ አቆዩት።

"ታባንዴ አንቺ ነሽ" አሉ። አልጠየቁም፤ አወቁ እንጂ።

ከዚያ የላስቲክ ቤቶቹን ሊያሳዩአቸው ይዘዋቸው ገቡ። ውስጡ ይሞቃል፤ ያልባል። መግቢያው ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የውኃ ቱቦ አለ፤ ካምቢዝ ሳያየው ግንባሩን ገጭቶት ተራገመ። የሱዳቤም ሻሽ ተያዘበት። ፈይዙላህ ግን ወደ ሃስቲ ዞረው ወሬ እያወሩ፣ ቱቦውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ ልክ ቦታው ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ታባንዴ ከኋላ ነበረችና አየች። በየቀኑ የሚገባበትን ቤት በር የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያጎነብሰው። 

ወይዘሮ ቱራን ጽጌረዳዎቹን አሳዩአቸው። ሃስቲ በየአበባው ላይ አፍንጫዋን እየቀበረች "ይሄ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ይሄ ሳሙና ሳሙና" ትላለች። ካምቢዝ "ለእናታችን የነበረው ሮዝ ቀለም ያለው ነው፤ ቶሎ በሉና እንምረጥ፤ የዶሮ ሥጋው በበረዶ ሳጥን ውስጥ እየጠበቀን ነው" ይላል። ፈይዙላህ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጥለዋል፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስላሉ።

ከላስቲክ ቤቱ ማዶ፣ በዋልኑት ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ሻይ መጣ። ወይዘሮ ቱራን ለሁሉም ብርጭቆ አቀረቡ፤ ስኳሩን በመካከል አስቀመጡ። ፈይዙላህ ፊት ግን ስኳር ሳይሆን በትንሽ ሳህን ዘቢብ አኖሩላቸው። ታባንዴ ይህንንም አየች። አባቷ ሻያቸውን በስኳር እንዳይጠጡ ሐኪም የከለከላቸው እውነት ነው። በስኳር ፋንታ ዘቢብ ማድረግን ግን ያመጣችው ታባንዴ ራሷ ናት፤ ያን ዘዴ ያስለመደቻቸው እሷ ናት፤ ከቤታቸው ውጪ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ሻዩ ተጠጥቶ ሲያልቅ ወይዘሮ ቱራን ተነሱና ከመንገዱ ላይ አንድ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ ከነጽጌረዳው፣ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

"ተይው! ወገብሽን!" ብለው ጮኹ ፈይዙላህ። "አንቺ ሴትዮ ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?"

 ወይዘሮ ቱራን ማሰሮውን ትተው ቀና አሉ። ፈይዙላህ ጆሯቸው ቀላ። ፈይዙላህን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሴትን "አንቺ" አይሉም። ምራታቸውን ሱዳቤን እንኳ፣ ቤታቸው ከገባች አሥር ዓመት አልፏት፣ "እርስዎ" ነው የሚሏት፤ ዳቦ ቤት ያለችውንም ኮረዳ "እርስዎ" ነው። "አንቺ" የሚሉት ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ነበር። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ኤፋትን።

ሱዳቤ ወደ ታባንዴ ተጠግታ "አሁንስ?" አለቻት በሹክሹክታ።

"ሰምቻለሁ" አለች ታባንዴ።

ካምቢዝ ብቻ አልሰማም። ከሰል ያያይዝ ነበር።

ወይዘሮ ቱራን ሥራ አለብኝ ብለው ወደ ሜዳው ሄዱ፤ ቤተሰቡ ለምሳ ተቀመጠ። ካምቢዝ በሎሚና በሳፍሮን ቅመም የተዘፈዘፈውን ዶሮ በሽቦ ሰክቶ ከሰሉ ላይ ደረደረው፤ በካርቶን ቁራጭ እያራገበ ወደ አባቱ ዞሮ "እና የትኛውን መረጡ?" አላቸው።

ጽጌረዳውን ማለቱ ነበር። ፈይዙላህ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወይዘሮ ቱራንን ላገባ አስቤያለሁ" አሉ፤ ባቡር መዘግየቱን በድምፅ ማጉያ እንደሚያስታውቅ ሰው፣ ሳይቸኩሉና ማንንም ሳያዩ። "እናንተንም ያመጣኋችሁ ለዚሁ ነው። ሰው ከልጆቹ ተደብቆ አያገባም።"

የካምቢዝ ካርቶን አየር ላይ ቆመ።

"ምን አሉ?"

"ሰምተሃል።"

"ጉልበትዎስ?"

"ጉልበቴ ደህና ነው።"

"ፍል ውኃውስ?"

"አንድ ቀን ገብቻለሁ። ይፋጃል።"

ሱዳቤ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው። ካምቢዝ አየባት፤ ያን ጊዜ ይብስ ጦፈ።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለካ በየሳምንቱ ሲሽቀረቀሩ የነበረው ለዚህ ነው! በእናቴ ጽጌረዳ ስም አታለው አመጡን! የእናቴ መቃብር ሳይደርቅ…"

"አራት ዓመት ሆነው ልጄ። አላህ ይማራት፤ ደርቋል።"

"ሰው ምን ይላል? ፈይዙላህ በሰባ አራት ዓመቱ ሙሽራ ሆነ ሲባል እኔ ሱቄ ውስጥ እንዴት ቀና ብዬ ነው የምቆመው?"

"ቁጭ ብለህ ሽጥ።"

"ይቀልዳሉ!" አለና ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺስ? አፍሽ ተለጎመ? አራት ዓመት ሙሉ የተቃጠልሽው ለዚህ ነው? ተናገሪ እንጂ!"

ታባንዴ ከሰሉን አየችው።

"ዶሮው እያረረ ነው" አለች።

ካምቢዝ ካርቶኑን ከሰሉ ውስጥ ወረወረው። "ተነሱ፤ እንሄዳለን!" አለ። ሱዳቤ "አባትህን ሜዳ ላይ ጥለህ?" ብላ ብትቆጣውም "ሚኒባሱን ያውቁት የለ! እንደለመዱት ይምጡ!" ብሎ ሃስቲን አቅፎ ወደ መኪናው አመራ። ልጅቷ "ውሻውን ቻው አላልኩትም!" እያለች ታለቅሳለች። ሱዳቤ የልጇን ለቅሶ ሰምታ መቅረት አልቻለችም፤ ለአማቷ ከልቧ ይቅርታ ጠይቃ፣ ታባንዴን በዓይኗ አይታ ተከተለችው። መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ ሄደች። ከኋላዋ የሄደው ውሻው ብቻ ነበር፤ እሱም ከበሩ ተመለሰ።

ታባንዴ የሻይ ብርጭቆዎቹን በሰፌድ ትሪ ላይ ሰበሰበች። አባቷ የሆነ ነገር እንድትላቸው ይጠብቁ ነበር፤ እሷ ግን ትሪውን አንስታ ወደ ሜዳው ሄደች።

ወይዘሮ ቱራን በጽጌረዳው መስመር መካከል በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው ያዳቅላሉ። ከመልካሙ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ላይ እንቡጥ የሚወጣበትን ዓይን በቀጭን ቢላ ይልጡታል፤ የጫካውን ጽጌረዳ ግንድ ልጥ ይሰነጥቁና ዓይኑን ከውስጡ ሰክተው በላስቲክ ጥብጣብ ይጠመጥሙታል። ታባንዴ ትሪውን መሬት አስቀምጣ በአፈር ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"ወንድሜ ሄደ" አለች።

"ሰማሁት። ድምፁ ጥሩ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልን።"

"ለምን? አባቱ ናቸው። ባይቆጣ ነበር የሚገርመኝ" አሉና ጥብጣባቸውን በጥርሳቸው ቆረጡ። "በብርዱ ነው የጠየቁኝ። ልጆችዎን በቀን፣ በበር ይዘዋቸው ይምጡ፤ እኔ የሰው ቤት በመስኮት አልገባም አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ጽጌረዳ ብለው አመጧችሁ። ይኼ ዘዴ የእሳቸው ነው፤ የእኔ አይደለም።"

"እንዴት ተዋወቃችሁ?"

"የእናትሽን ጽጌረዳ ይዘው መጥተው። አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ከአራክ ድረስ። 'እየደረቀ ነው፤ ምን ላድርግለት?' አሉኝ። መከርኳቸው። በሳምንቱ ሌላ ቅርንጫፍ ይዘው መጡ። በሦስተኛው አየሁትና 'ይኼ ሞቷል፤ አይድከሙ' አልኳቸው። ከዚያ በሳምንቱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መጡ። 'ዛሬስ ምን ሆነ?' ስላቸው 'ምንም፤ እውነትም መሞቱን ልነግርዎ ነው' አሉ።"

ታባንዴ ያን ሰሞን አስታወሰች። አባቷ ግቢ ውስጥ በረዶ ላይ ቆመው ያን ቁጥቋጦ ሲያዩት "ይግቡ፤ ይበርድዎታል" እያለች በመስኮት ትጣራ ነበር። ስለ ጽጌረዳው አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም።

"ምን ትያለሽ?" አሏት ወይዘሮ ቱራን።

"እኔ የምለው ነገር ለውጥ ያመጣል?"

"አያመጣም ይሆናል። ግን ልስማው።"

ታባንዴ ጥቂት አሰበች። "ማግባታቸው አላናደደኝም" አለች። "ጉልበታቸው ነው ያናደደኝ። በየማታው ቅባት ስቀባቸው ከርሜያለሁ።"

ወይዘሮ ቱራን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላቸውን አስቀመጡ። "እሱንማ አላወቅኩም" አሉ። "በዚህስ ተቆጪ። ልክ ነሽ።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ከኔ የምትሰሚው አንድ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ይሻላል" አሉ። "እኔ አራክ አልገባም። ይኼን ሁሉ ጥዬ የትም አልሄድም። እሳቸው ናቸው የሚመጡት።"

"እሺ አሉ?"

ወይዘሮ ቱራን በአገጫቸው ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከቱ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በማዳበሪያ ከረጢቶቹ መካከል አዲስ ቡናማ ሻንጣ ቆሟል፤ የሱቁ ወረቀት ገና ከእጀታው አልተፈታም።

"ከጠየቁኝ በሳምንቱ ይዘውት መጡ። ቤት ባስቀምጠው ልጄ ታየዋለች አሉኝ።"

ታባንዴ ሻንጣውን አየችው። ሳቅ መጣባት፤ ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ሌላ ነገር የሚመጣ መስሏት ጠበቀች፤ አልመጣም። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አባቷ ተመለሰች።

ፈይዙላህ የከሰለውን ዶሮ ከሽቦው እያላቀቁ፣ የሚበላውን ከማይበላው እየለዩ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። ቁራጭ ሥጋ በዳቦ ጠቅልለው ሰጧት፤ ተቀበለች።

"ሻንጣውን አየሁት" አለች።

እጃቸው ቆመ።

"ጉልበትዎን ሳሽ ከረምኩ አባባ።"

"ጥሩ እጅ አለሽ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ፣ ታዲያ እኔ ለምን መጣሁ ትያለሽ ብዬ።"

"ታዲያ እኔ ለምን መጣሁ?"

ፈይዙላህ አንድ የከሰለ ቁራጭ ለውሻው ወረወሩለት። 

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ። "አልጠራሁሽም እኮ። መጥተሽ ሳይሽ ደስ አለኝ፤ ሂጂ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። በየወሩ ልበላት እያልኩ አራት ዓመት ሆነ። ባትመጪ ግን ያን የመጀመሪያውን ዓመት አላልፈውም ነበር። ይኼን እወቂው።"

ታባንዴ በአፏ የያዘችውን አኝካ ዋጠች። እንዲህ ያለ ነገር ብሰማ አለቅሳለሁ ብላ የምታስብ ሴት ነበረች፤ አላለቀሰችም። ዶሮው ማረሩን ብቻ አስተዋለች።

ከቀትር በኋላ ሚኒባስ እንደማይገኝ፣ አርብ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ቱራን ነገሯቸው። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ችግኝ የሚያመላልሱባት ሰማያዊ ፒካፕ አለች፤ ከፊት አንድ ረጅም ወንበር ብቻ ነው ያላት። ወይዘሮ ቱራን መሪውን ያዙ፣ ፈይዙላህ በመስኮቱ በኩል፣ ታባንዴ በመካከላቸው ተጨናንቃ ተቀመጠች፤ የማርሹ ዘንግ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጉልበቷን እየመታት ሄዱ። ጽጌረዳ አልጫኑም፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መግዛቱን ማንም አላስታወሰም።

ወይዘሮ ቱራን ፈጣን ናቸው። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፈይዙላህ የበሩን እጀታ ጨበጡ።

"ቀስ በይ!"

"ሐዲድ አይደለም፤ አስፋልት ነው።"

"አስፋልትም ቢሆን ገደል አለው!"

"ሠላሳ ዓመት ነድቼበታለሁ፤ ገደሉ ካለበት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።"

"ልጄ፣ ንገሪያት እንጂ!"

"እኔ ጣልቃ አልገባም" አለች ታባንዴ፤ በትክክል በመካከላቸው ተቀምጣ። ወይዘሮ ቱራን ከት ብለው ሳቁ፤ ፈይዙላህም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። አባቷን እንዲህ ሲስቁ ከሰማች ዘመን አልፏታል። ጥርሳቸው ስንት እንደቀረ እንኳ ረስታው ነበር።

ከመንገዱ እኩሌታ ሲደርሱ ከፊት ለፊታቸው የምትመጣ ነጭ መኪና መብራቷን ደጋግማ አበራች። የካምቢዝ ናት። ሱዳቤ መንገዱን ሙሉ በዝምታ ቀጥታው ነበር፤ ከጩኸት ይልቅ የሚፈራው ይህን ነው። ፒካፗ ከመንገዱ ዳር ቆመች። ካምቢዝ አስፋልቱን ተሻግሮ በመስኮቱ በኩል መጣ፤ መጀመሪያ አባቱን፣ ቀጥሎ እህቱን፣ ከሁሉ ኋላ መሪ የጨበጡትን ሴት አየ።

"ይውረዱ አባባ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ አደርስዎታለሁ።"

"እዚህ ደህና ነኝ።"

"ሰው ያየናል፤ በፒካፕ…"

"ይየን።"

"ታቢ፣ አንቺ ውረጂ።"

ታባንዴ የወንድሟን ፊት አየችው። ፀሐይ መትቶታል፤ ግንባሩ ላይ ቱቦው የገጨው ቦታ አብጧል። አሳዘናት። በእናቱ ቀብር ላይ ጮኾ ያለቀሰው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቀብሯ ስም ከመቆጣት በቀር ስለ እሷ የሚናገርበት መንገድ ጠፍቶታል።

"እኔም ደህና ነኝ ካምቢዝ" አለችው። "ከኋላ ተከተለን፤ ቤት ስንደርስ ሻይ እናፈላለን።"

ካምቢዝ ወደ መኪናው ተመለሰ። ከኋላቸው ግን ተከተላቸው። ሲመሽ አራክ ገቡ፤ ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ነፋስ ይቀበል ስለነበር የፈይዙላህን ከፒካፕ መውረድ ያላየ አልነበረም። ወይዘሮ ቱራን ወደ ቤቱ አልገቡም። "ዛሬ ለሁላችሁም ይበቃችኋል" ብለው፣ ለሃስቲ እጃቸውን አውለብልበው፣ መኪናቸውን አዙረው ሄዱ። ካምቢዝ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ሱዳቤ ጠጥታ ሄደች።

ኒካህ የታሰረው በመኸር ነው። ካምቢዝ አልመጣም፤ ሱዳቤና ሃስቲ መጡ። ሰፈሩ ለሦስት ሳምንት ያህል አወራ፤ ከዚያ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ከቤት ጠፍታ ስለነበር ወሬው ወደ እሷ ዞረ። ፈይዙላህ ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው ልብሳቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። በመጀመሪያው አርብ ታባንዴ እስከ ቀትር ተኛች። ስትነሳ ኪኒን የምትሰጠው ሰው አልነበረም። ደስ ብሏት እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጠች።

ኢስፋሃን ያለው ፋብሪካ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶታል። ያንን ስትጠይቅ ሌላ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማች፤ ሥራው ከቀድሞው ዝቅ ያለ ነበር፤ ወሰደችው። በረዶ ከመውደቁ በፊት የአራክን ቤት ቆልፋ ሄደች።

ካምቢዝ መሐላት የሄደው በኖሩዝ ነው፤ በበዓሉ በአሥረኛው ቀን፣ ከሁሉም ዘመድ ኋላ። ታባንዴ ከኢስፋሃን መጥታ እዚያ ነበረች። ወንድሟ ቱቦውን አስታውሶ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ወይዘሮ ቱራን በጎማ ቦት ጫማቸው ብቅ አሉና "እንኳን ደህና መጣህ ልጄ" አሉት።  ካምቢዝ በደጅ ፒካፗ ላይ የተጫኑትን የአፈር ጆንያዎች አየና "ይኼን ሁሉ ማን ሊያወርድልዎ ነው?" ብሎ ጮኸ፤ እጅጌውን እየጠቀለለ።